ኤአይ የቀየረው ፊት የማን ነው? የእህቴ ፎቶ የክሬም ማስታወቂያ ሆኖ ወጣ

ታላቅ እህት፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። ሕግ የምታውቁ ወይም እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ እርዱኝ። ትንሽ ይረዝማል፣ ይቅርታ።

ታናሽ እህቴ አምና ተመረቀች። ሰፈራችን ያለ ፎቶ ቤት ሄደን ተነሳች። በምርቃት ጋውን አራት፣ በሀበሻ ቀሚስ ሁለት። አንዱን አሳድገን ሳሎን ሰቀልነው፣ ሌላውን ለዘመድ አዳረስን። ከዚያ ረሳነው። ባለፈው ወር ዳቦ ልትገዛ ስትሄድ የዳቦ ቤቷ ልጅ "ማስታወቂያ መሥራት ጀመርሽ እንዴ? ትናንት አየሁሽ እኮ" አለቻት። እህቴ ከሌላ ሰው ጋር አምታታችኝ ብላ ሳቀች። ማታ ደግሞ የአክስታችን ልጅ ከአዳማ ሊንኩን ላከችልን።

ቲክቶክ ላይ ነው። ፊት የሚያቀላ ክሬም የሚሸጥ ሱቅ ገጽ ነው። እህቴ በሀበሻ ቀሚሷ ቆማ ታወራለች። "በሦስት ሳምንት ለውጡን አየሁት፣ እናንተም ሞክሩት" ትላለች። ድምፁ የእሷ አይደለም። ከንፈሯ ግን ከቃሉ ጋር እኩል ይንቀሳቀሳል። ቆዳዋን አቅልተውታል። ፍንጭቷን ደፍነውታል፣ ቤተሰቡ ሁሉ የሚወድላትን ፍንጭት። ከግራ ቅንድቧ በላይ ያለችው ጠባሳ ግን እንዳለች ናት፣ በልጅነቷ ከደረጃ ወድቃ ያገኘቻት። አንገቷ ላይ የእናታችን የወርቅ መስቀል አለ፣ ለምርቃቷ ቀን ያዋሰቻት። እናቴ ስልኩን ተቀብላ ድምፁን አጥፍታ ደጋግማ አየችው። ከዚያ "መስቀሌን ከየት አገኙት?" አለች። ሌላ ምንም አልተናገረችም።

ሱቁ ድረስ ሄድኩ። ያናገረኝ ልጅ አልጮኸብኝም፣ በትሕትና ነው ያወራኝ። "እህቴ፣ ይቺ ሰው አይደለችም፣ ኤአይ የሠራት ናት። ያንቺ እህት ፍንጭት አላት አልሽ፣ ይቺ የላትም። ስለዚህ ሌላ ናት" አለኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። አንድ ዘመዳችን ደግሞ "የኤአይ ሕግ ገና አልወጣም፣ ዝም ብላችሁ አትልፉ" አለን።

እውነት ሕግ የለም? ፊቷን ወስደው ትንሽ ስለነካኩት ብቻ የማንም ያልሆነ ፊት ይሆናል? እህቴ ሥራ እያመለከተች ነው። አሁን ከቤት መውጣት ጠልታለች። ሰው ሁሉ ያንን ክሬም የምትቀባ ይመስለዋል ብላ ታስባለች።

—

ጠበቃ ከልደታ፦

እህቴ፣ አይዟችሁ። "የኤአይ ሕግ አልወጣም" የሚለውን አባባል በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። አንድ ሕግ ላይ ኤአይ የሚል ቃል ስላልተጻፈ ነገሩ ሕግ የለውም ማለት አይደለም። የሰው ምስል የሚጠበቅበት ሕግ አለን፣ ያውም ከእኔም ከአንቺም ዕድሜ የሚበልጥ።

የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 ፈልጊና አንብቢው። ፍሬ ነገሩ፣ የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ ሕዝብ በሚያየው ቦታ አይታይም፣ አይባዛም፣ ለሽያጭ አይቀርብም ነው። ያረቀቀው ሬኔ ዳቪድ የሚባል ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ነው፣ ሥራ ላይ የዋለው መስከረም 1 ቀን 1953 ነው። ያኔ እንኳን ቲክቶክ ቴሌቪዥንም አገራችን አልገባም ነበር። ቁጥር 28 ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ይዘረዝራል። ሰውየው ታዋቂ ከሆነ ወይም ሹመት ካለው፣ ለፍትሕና ለፖሊስ ሥራ ካስፈለገ፣ ለሳይንስና ለትምህርት ከሆነ፣ ወይም በአደባባይ የሆነ ነገር ከሆነ። ክሬም መሸጥ እዚያ ውስጥ የለም።

አሁን ዋናው ቁጥር 29 ነው። ባለምስሏ "አቁሙ" የማለት መብት አላት። ፍርድ ቤቱ ደግሞ፣ ርትዕ ነው፣ ማለትም ፍትሐዊ ነው ብሎ ካመነ፣ ሱቁ ከምስሉ ያገኘውን ጥቅም ያህል ካሳ እንዲከፍል ሊያዝ ይችላል። አቁሙ ተብለው ወዲያው ካላቆሙ ደግሞ ሌላ ካሳ ይጨመራል። ይሄን "ወዲያው" የሚለውን ቃል ያዢው። በቃል ሄደሽ ማናገርሽ ደግ ነው፣ ግን ነገ "አልነገረችንም" ቢሉስ? ደብዳቤ ጻፉ። እህትሽ ትፈርም፣ አንቺ ሳትሆኚ እሷ፣ ምክንያቱም መብቱ የእሷ ነው። ቀን ይኑረው፣ የቪዲዮው ሊንክ ይኑረው። ሁለት ሰው ባለበት ስጧቸው፣ ቅጂው ላይ አስፈርሙ። አንፈርምም ካሉ እነዚያ ሁለት ሰዎች ምስክር ይሆናሉ።

ስለ ፍንጭቱ። ልጁ ያለሽ ነገር ፍርድ ቤትም መነሳቱ አይቀርም፣ ስለዚህ መልሱን ከወዲሁ ያዢ። ሕጉ ፎቶግራፍ ብሎ አላቆመም፣ "ወይም ምስል" ይላል። አንድ ሰዓሊ እህትሽን በእጁ ቢስላትና አፍንጫዋን ቢያሳጥርላት፣ ያያት ሰው "እከሊት ናት" ካለ የእሷ ምስል ነው። ማሽኑ የነካካውን እየቆጠርን አንከራከርም። እኔ የምከራከረው የሚያውቋት ሰዎች ለይተዋታል ወይ በሚለው ነው። የዳቦ ቤቷ ልጅ ማንም ሳይጠይቃት ለየቻት። የአክስትሽ ልጅ ከሌላ ከተማ ለየቻት። እናትሽ መስቀላቸውን ለዩ። ምስክር ፍለጋ መንከራተት የለብሽም፣ አሉሽ።

ደካማውን ጎንም ልንገርሽ፣ ኋላ እንዳትደነግጪ። ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ በዚሁ ሕግ ቁጥር 2116 ተወስኗል፣ ከ1,000 ብር አይበልጥም። በ1953 ዓ.ም 1,000 ብር ብር ነበር። ዛሬ ለደብዳቤ፣ ለትራንስፖርትና ለፎቶ ኮፒ ስትሯሯጪ ያልቃል። ይሄ ቁጥር መሻሻል ነበረበት፣ እስከዛሬ ያው ነው፣ እኔን በግሌ ያናድደኛል። ስለዚህ ክሱ "ከምስሉ ያገኙት ጥቅም" ላይ ቢያተኩር ይሻላል። ለዚያ ደግሞ ቪዲዮው ስንት ሰው እንዳየው፣ ስንት ሰው "ዋጋው ስንት ነው" ብሎ ኮሜንት እንደጻፈ ዛሬውኑ አስቀሪ።

ከዚህ ሌላ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፣ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አቤቱታ እዚያም ማቅረብ ትችላላችሁ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 አንቀጽ 9 ደግሞ የኮምፒውተር ዳታን አስመስሎ ወይም ለውጦ የሰው መብት መጉዳትን ወንጀል ያደርገዋል። አሳሳች ማስታወቂያም በማስታወቂያ አዋጁ፣ በ759/2004፣ ክልክል ነው። ያልተቀባችውን ክሬም "ለውጡን አየሁት" ማስባል ከዚህ በላይ ምን ያሳስታል?

አንድ ያልተሸፈነ ነገር አለ። ድምፅ። ቁጥር 27 ስለ ድምፅ ምንም አይልም። የእህትሽን ድምፅ ሰርቀው ቢሆን ኖሮ ዛሬ በዚህ እርግጠኝነት አልጽፍልሽም ነበር።

—

የፎቶ ቤት ልጅ፦

እኔ ሙያዬ ፎቶ ነው፣ ከአባቴ የወረስኩት። ደሴ ነው ያደግኩት። ስለ ሕጉ ጠበቃው ብሎታል፣ እኔ ስለ ሥራው ልናገር።

አንድ ጥሩ ፎቶ በቂ ነው። ፊት ለፊት የተነሳ፣ ብርሃኑ እኩል የሆነ፣ አፍ የተገጠመ ወይም በትንሹ ፈገግ ያለ። የምርቃት ፎቶ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ዓይኑን ያርገበግባል፣ ጭንቅላቱን በትንሹ ያወዛውዛል። ቆዳ ማቅላትማ ድሮም በእጃችን እንሠራው ነበር። ፍንጭቱን ደግሞ ሰው አስቦበት የደፈነው ላይሆን ይችላል። አፍ ስትከፈት ከውስጥ ያለውን ጥርስ ማሽኑ ከራሱ ነው የሚሞላው፣ ሲሞላም እንደ ሌላው ሰው ጥርስ ደርድሮ ነው። ስለዚህ "ፍንጭት የላትም፣ ሌላ ናት" ማለቱ ውሃ አይቋጥርም። ማሽኑ ያልገባውን ነገር ነው እንደ ማስረጃ ያቀረበልሽ።

ፎቶው ከየት እንደወጣ ማወቅ ከፈለግሽ የቀሚሷን ጥበብ እይው። ቪዲዮውን አቁሚና አሳድጊው። የጥበቡ ክር አንድ በአንድ ከታየ ከትልቁ ፋይል የተወሰደ ሊሆን ይችላል፣ ያ ማለት ከፎቶ ቤቱ። ደብዝዞ ከታየ ግን በቴሌግራም ከተላላካችሁት ሊሆን ይችላል። ቁርጥ ያለ ነገር አይደለም፣ ግን የት መጠየቅ እንዳለብሽ ይጠቁማል። ፎቶ ቤቱ የቴሌግራም ቻናል እንዳለውም እይ። ዛሬ አብዛኞቻችን የደንበኛ ፎቶ ለማስታወቂያ ቻናል ላይ እንለጥፋለን። ፈቃድ ጠይቀን? አብዛኛውን ጊዜ አንጠይቅም። ይሄን ስጽፍ እኔም ራሴን እየወቀስኩ ነው።

በአባቴ ጊዜ መስታወቱ ነበር ቻናሉ። መንገድ ዳር ባለው መስታወት ውስጥ የሙሽሮችና የቆንጆ ልጆች ፎቶ ይደረደራል። የሚኮራበት አለ፣ የሚቆጣም አለ። ልጅ ሆኜ አንዲት ሴት መጣች፣ አስታውሳታለሁ፣ ጥቁር ሻሽ አስራ ነበር። ከታጨችለት ሰው ጋር የተነሳችው ፎቶ መስታወቱ ውስጥ ነው፣ ነገሩ ፈርሷል። አባቴ አንድም ጥያቄ አልጠየቃትም። መስታወቱን ከፍቶ ፎቶውን አወጣ፣ ከዚያ ጓዳ ገብቶ ኔጋቲቩን አምጥቶ እጇ ላይ አደረገላት። "አሁን እኔ ዘንድ ምንም የለም" አላት። ቁጥር 27 የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። ዛሬ እኔ ያንን ማድረግ ብፈልግ እንዴት አደርጋለሁ? ፋይሉን ባጠፋው ማን ዘንድ እንዳለ አላውቅም። ከሁሉ የሚከብደኝ እሱ ነው።

—

ሰው በሰው፦

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል ግን እህታችን ላይ መንገድ አታስረዝሙባት። እኔ በሌላ ጉዳይ ፍርድ ቤት ተመላልሻለሁ። ቀጠሮ፣ ቀጠሮ፣ ቀጠሮ። ያ ቪዲዮ ደግሞ በየሰዓቱ እየታየ ነው። ሱቁ የሰፈር ሱቅ ከሆነ ባለቤቱን የሚያውቅ ሽማግሌ አይጠፋም። ሁለት የተከበሩ ሰዎች ላኩ። "ይቺ የእገሌ ልጅ ናት፣ አውርዱት" ብለው ከተናገሩት ከፍርድ ቤት ትእዛዝ ይፈጥናል። እናንተ አገር ቤት ያላችሁ ይሄን ታውቃላችሁ።

—

ጠበቃ ከልደታ፦

ወንድሜ፣ ሽማግሌውን አልቃወምም። እንዲያውም ደብዳቤውን ሽማግሌዎቹ ይዘውት ይሂዱ፣ እነሱው ምስክር ይሆናሉ። ግን ያለ ወረቀት እንዳይሄዱ። ሽማግሌ ያስወረደውን ቪዲዮ ልጁ በሌላ ገጽ ቢለጥፈው በእጃችሁ ምንም የለም ማለት ነው። እርቁም ቢሆን ይጻፍ፤ "የተቀበልነውን ፋይል አጥፍተናል፣ የሠራልን እገሌ ነው" የሚል ዓረፍተ ነገር ይኑርበት።

—

ሮቸስተር፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኒው ዮርክ ስቴት ሮቸስተር ከተማ ነው። ይሄን ጥያቄ ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ምክንያቱም ይሄው ጉዳይ በዚችው ከተማ ከ120 ዓመት በፊት ደርሷል። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ሮቸስተር የኮዳክ ከተማ ናት። ጆርጅ ኢስትማን በ1888 ማንም ሰው በእጁ ይዞ ሊያነሳበት የሚችል ካሜራ ለገበያ አወጣ። ከዚያ በፊት ፎቶ ለመነሳት ሄደህ፣ ተቀምጠህ፣ ሳትነቃነቅ መቆየት ነበረብህ። ሳትፈልግ መነሳት ከባድ ነበር። ካሜራው በየሰው እጅ ሲገባ ያ ጥበቃ ጠፋ። በ1890 ዋረንና ብራንዳይስ የሚባሉ ሁለት የቦስተን ጠበቆች ስለ ግል ሕይወት መብት የጻፉት ዝነኛ ጽሑፍ የወጣው ያኔ ነው። በፍጥነት ፎቶ የሚያነሳው ካሜራና ጋዜጣው ናቸው ያስጨነቋቸው።

አሁን ወደ ልጅቷ ልምጣ። አቢጌል ሮበርሰን ትባላለች፣ የሮቸስተር ልጅ ናት፣ ወጣት። አንድ የዱቄት ፋብሪካ ፎቶዋን ሳይጠይቃት ወስዶ ማስታወቂያ ላይ አወጣው። 25,000 ቅጂ ታተመ፣ በየሱቁና በየመጠጥ ቤቱ ተለጠፈ። የሚያውቋት ሰዎች ለዩዋትና አላገጡባት። ታመመች፣ አልጋ ላይ ዋለች። ከሰሰች። ጉዳዩ እስከ ስቴቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በ1902 በአራት ለሦስት ድምፅ ተሸነፈች። ዳኞቹ እንዲህ ያለ መብት ከዚህ በፊት በሕግ አልታወቀም፣ ብንፈቅድ ክሱ ማብቂያ አይኖረውም አሉ። የእናንተ ዘመድ እንዳለው ማለት ነው፣ ሕጉ ገና አልወጣም።

ሕዝቡ ግን አልተቀበለውም። ጋዜጦች ጮኹ፣ ከፈረዱት ዳኞች አንዱ ፍርዱን ለመከላከል ራሱ ጽሑፍ እስከማውጣት ደረሰ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1903፣ የስቴቱ ምክር ቤት የሰውን ስምና ምስል ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ለንግድ መጠቀም የሚከለክል ሕግ አወጣ። ያ ሕግ ዛሬም አለ። ፍርዱን የጻፈው ዋና ዳኛ አልተን ፓርከር ደግሞ በ1904 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደረ፣ ፎቶ አንሺዎች እየተከተሉ አስቸገሩኝ ብሎ አማረረ። አቢጌል በጋዜጣ ላይ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈችለት። አንተ እንዲህ ያለ መብት የለም ብለህ ፈርደህብኛል ብላ ነው ያስታወሰችው። ያንን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል።

ዛሬም ቢሆን እዚህ ሁሉም ነገር ተሸፍኗል ብላችሁ እንዳታስቡ። በግንቦት 2025 የወጣው የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ከተጠየቁ በ48 ሰዓት ውስጥ ቪዲዮ ከገጻቸው እንዲያነሱ ያስገድዳል፣ ኤአይ የሠራውንም ጭምር። ግን እርቃንና የወሲብ ምስልን ብቻ ነው የሚመለከተው። የእህታችን የሀበሻ ቀሚስ እዚያ ውስጥ አይገባም። ስለ ድምፅ ጠበቃው ላነሳው ደግሞ፣ ቴነሲ በ2024 ድምፅንም ከምስል እኩል የሚጠብቅ ሕግ አውጥታለች፣ ዘፋኞች በብዛት ያሉበት ስቴት ስለሆነ እነሱ ናቸው የገፉት። ዴንማርክም በ2025 ሰው በፊቱና በድምፁ ላይ መብት እንዲኖረው የሚል ረቂቅ አቅርባለች።

አገራችን በእኛ አቆጣጠር በ1952 የጻፈችው ሕግ ግን አቢጌል ያጣችውን መብት ለእህትሽ ሰጥቷታል። እባካችሁ ተጠቀሙበት።

—

ታላቅ እህት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ሳምንት ጠፋሁ፣ ምክንያቱም የነገራችሁኝን እያደረግኩ ነበር።

ደብዳቤውን እህቴ ራሷ በእጇ ጻፈችው። አባቴ የዕድር ዳኛውንና አንድ ጎረቤታችንን ይዞ ሄደ። ልጁ አልፈርምም አለ። የዕድር ዳኛው ቁጭ አሉና "እሺ ልጄ፣ አትፈርም፣ እኛ ግን ሰጥተንሃል" አሉት። ማታ የሱቁ ባለቤት ደወለ። ክፍለ አገር ነበርኩ፣ አላየሁትም አለ፣ ይቅርታ ጠየቀ። ቪዲዮውን የሠራላቸው በስልክ ያገኙት ልጅ ነው፣ 3,000 ብር ከፍለውታል። ያው ምሽት ከገጻቸው ወረደ።

የፎቶ ቤቱን ወንድማችንን ምክር ሰምቼ ጥበቡን አሳድጌ አየሁት። ክሩ ይታያል፣ ያውም አንድ በአንድ። ፎቶ ቤቱ ሄድኩ። ቻናላቸው ላይ ለጥፈውት ኖሯል፣ በሙሉ መጠኑ፣ ስንመለከተው 11 ወር ሆኖታል። ባለቤቱ ፊቱ ቀላ። እኛው ፊት አጠፋው። የደሴው ወንድሜ፣ አባትህ ለዚያች ሴት ኔጋቲቩን እንደሰጡት ያለ ነገር ፈልጌ ነበር፣ ግን የሚሰጠኝ ነገር አልነበረውም።

አሁን ያለው ችግር ይሄ ነው። ቪዲዮውን ሁለት ሌሎች ገጾች አውርደው ለጥፈውታል። አንዱ ስም የለውም፣ አድራሻ የለውም፣ ክሬሙም ሌላ ነው። ሪፖርት አደረግን፣ እስከ ዛሬ መልስ የለም። የሱቁ ባለቤት የሠራውን ልጅ ስልክ ሰጥቶናል፣ ሲደወል አይነሳም። እህቴ ትናንት ለሥራ ፈተና ወጣች፣ ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። ማስክ አድርጋ ነው የሄደችው።

ጠበቃችን፣ ሊንኮቹን፣ ኮሜንቶቹን፣ ዳቦ ቤት ያለችውን ልጅ ቃል፣ ሁሉንም አሰባስቤያለሁ። ጥያቄዬ፣ ስሙ የማይታወቅ ገጽ ላይ ክስ ይመሠረታል ወይስ መጀመሪያ ፖሊስ ጋ ነው የሚኬደው? ሰኞ ጠዋት ልደታ መምጣት እንችላለን። እናቴም እመጣለሁ ብላለች። መስቀሉን አድርጋ።